ለቁጥር አንቱ የለም

ባሌ አጥናፉ በቁጥር እንጂ በሰው ወሬ አያምንም። እከሌ ታሟል ቢሉት «ትኩሳቱ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን አግብቼ አቃቂ ስገባ ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ወደ በሰቃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ሁለት ክፍልና ጠበብ ያለች ግቢ። እሱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ እኔ በሲንጀር ልብስ እሰፋለሁ። ልጅ አልተሰጠንም። ይህን አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ አልደግመውም።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሦስት የአራተኛ ክፍል ልጆች አስከትሎ መጣ። ፊቱ ገበያ ቀንቶት የተመለሰ የበግ ነጋዴ ፊት ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚወጡት መስለውኝ እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ስል፣ አይደሉም አለኝ። አንደኛ የሚወጣው የተነገረውን የሚመልስ ነው፤ እሱ የመረጠው ያልተነገረውን የሚጠይቀውን ነው። እነዚህ ሦስቱ የክፍል ሥራቸውን ቶሎ ይጨርሱና ሌላውን ይረብሻሉ፣ አስተማሪው ሁሉ ይቀጣቸዋል። እሱ ግን ጥጋብ ሳይሆን ርሃብ ነው ባይ ነው። ከበድ ያለ ሒሳብ በትርፍ ሰዓት ላስተምራቸው ብሎ ዳይሬክተሩን ቢጠይቅ፣ ለጎበዝ ልጅ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል፣ ይልቅ ሰነፉን አስተምርልኝ ብሎ የክፍሉን ቁልፍ ከለከለው። ስለዚህ የኔ ቤት ትምህርት ቤት ሆነ፣ ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛም ዴስክ ሆነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በቀለ የሚባለው ልጅ አባቱ የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ከሚውል ሰው ስለተወለደ መሰለኝ ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። ሮሪሳ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ካለው የገበሬዎች መንደር ነው የሚመጣው። ዝምተኛ ነው፤ ሲያስብ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ቀረብ ብዬ ሳዳምጠው «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ በኦሮምኛ ይቆጥራል። ሦስተኛዋ ዙለይኻ ናት፤ በሰቃ ላይ ሱቅ ያለው የስልጤው የሙህዲን ልጅ። ይቺ ልጅ የምትመልሰው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። ለዚህ ጥፋቷ ክፍል ውስጥ ስንቴ እንደተንበረከከች ጉልበቷ ይመሰክራል። ሦስቱንም ወደድኳቸው፤ እሷን ግን፣ ምን ልበል፣ ወለድኳት።

ትምህርቱ ትምህርት አይመስልም ነበር። ባሌ አንድ ነገር ጣል ያደርግላቸውና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀን የጠየቃቸው፣ ስድስት ዘመዳሞች ሠርግ ቤት ቢገናኙና ሁሉም ሁሉንም ቢስም በጠቅላላው ስንት ሰላምታ ይሆናል የሚል ነው። በቀለ ሠላሳ ስድስት ብሎ ጮኸ። ዙለይኻ ሰው ራሱን አይስምም አለችና ሠላሳ አደረገችው፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ፣ እኔ አንተን ስስምህ አንተም ስመኸኛል፣ ያው አንድ ሰላምታ ነው ብላ አሥራ አምስት ላይ አቆመችው። ነገሩ ያለቀ ሲመስለን ሮሪሳ ቀና ብሎ፣ የሚሳሳሙት አንድ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሦስት ሦስት ጊዜ ብሎ ጠየቀ። አጥናፉ ከወንበሩ ተነሥቶ ግንባሩን ሳመው። ይህ ሰው በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

በኛ ቤት አንድ ሕግ ወጣ፤ ለቁጥር አንቱ የለም። የተሳሳተ ሰው ማንም ይሁን ማን መሳሳቱ ፊት ለፊት ይነገረዋል፣ መምህሩም ቢሆን። ጥቁር ቀለም የቀባው ጣውላ አለው፤ እሱ ላይ ሲጽፍ ሲሳሳት፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ሲሳሳት፣ ቀድሞ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ያለ ልጅ የድፎ ዳቦዬን ጫፍ ይሸለማል። ለዚያች ቅርፊት የሚጯጯሁት ጩኸት የፋብሪካውን ፉጨት ያስንቅ ነበር። ነገሩ አልጣመኝም። ልጅ ትልቅን ሰው ፊት ለፊት ተሳስተዋል ማለት ከለመደ ከዚህ ግቢ ሲወጣ ጣጣ ያመጣል አልኩት። እሱም፣ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ የማንን ክብር ይነካል አለኝ። ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ወደ ስፌቱ የተመለሰ ሰው ሁሉ ግን ተሸንፏል ማለት አይደለም።

ጥቅምት ላይ ባሕረ ሐሳብ ጀመሩ። አጥናፉ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ የተማረው ነው፤ ጾምና ፋሲካ በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚገኝበት ስሌት። እሱ የፈለገው ልጆቹ ሲካፈል የሚተርፈውን ቁጥር እንዲወዱት ነው። ክፍል ውስጥ ቀሪ ተብሎ የሚናቀው ቁጥር እዚህ ጌታ ነው ይላቸዋል። አበቅቴ የሚባል ቁጥር አለ፣ መጥቅዕ የሚባልም አለ። የብዙ ዓመቱን ካሠራቸው በኋላ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ የሚመጣው ለምንድን ነው አላቸው። ዙለይኻ በዚህኛው ወዲያው አልመለሰችም። ዳቦዋን በእጇ እንደያዘች ዓይኗን ጣውላው ላይ ተክላ ቆየች።

«አንዱ በየዓመቱ አሥራ አንድ ይራመዳል፣ ሌላው አሥራ ዘጠኝ» አለች በመጨረሻ። «አብረው ሲራመዱ ሠላሳ ነው። ሠላሳ በሞላ ቁጥር ደግሞ እንጥለዋለን። ታዲያ ከሠላሳ ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ?»

ከተናገረችው ግማሹ አልገባኝም። ባሌ ልቡ ሲነካ ዓይኑ እንደሚቀላ ግን አውቃለሁ፤ ቀልቶ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አሥራ አንዱስ ከየት መጣ ብላ ያዘችው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ስለሚያጥር ነው፣ ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ነው አላት። እሷም ይህማ ረመዳን የሚቆጠርበት የኛ ቤት ወር ነው ብላ እጇን አጨበጨበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባቷ ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ እየለቀመች፣ በየምሽቱ አንድ አንድ ቆርኪ ከጓሮው ግድግዳ ሥር መደርደር ያዘች። አንድ ቅዳሜ ተቆጥታ መጣች፤ የባሕረ ሐሳቡ ጨረቃና ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ በጥቂት ቀን ተለያይተውባታል። አጥናፉ በደስታ ሊሞት ደረሰ። ልክ ነሽ፣ የመጽሐፉ ስሌት ለበዓል ነው፣ የሰማይዋን የምትፈልጊ ከሆነ ቆርኪሽን እመኚ አላት። እሷም አመነች።

ታኅሣሥ ገባ፣ ረመዳን ደረሰ፣ ዙለይኻ ቀረች። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጾሙ ከብዷት ይሆናል አልን። በሚቀጥለውም አልመጣችም። አጥናፉ ዳቦ ሲቆረስ የሷን ድርሻ እያነሳ ያስቀምጣል፣ ማታ እኔ ነኝ የማነሳው። በቀለ ደግሞ ከክፍልም ከቀረች ሰነበተች፣ አባቷ ከእንግዲህ ሱቅ ትጠብቅ ብሏል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ሰፈሩ ምክንያቱን ቀድሞ አውቆታል፤ የሙህዲን ልጅ መምህሩ ቤት ድቁና ስትማር ተደርሶባት ነው። ሴት ልጅ የት አገር ትደቁናለች ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ባሌ ቁጥር እንጂ ሰው መጋፈጥ አይችልም፤ ሄጄ ላነጋግረው እያለ ሦስት ቀን ጫማውን ሲያስር ሲፈታ ከረመ። ነጠላዬን ለብሼ እኔው ሄድኩ።

ሙህዲን ትሕትና ያለው ሰው ነው። ሱቁ ጥግ ዱካ አወጣልኝ። እሱም ጾመኛ፣ እኔም የገና ጾም ላይ ነኝ፣ ቅመሱ አትቅመሱ የሚያስብል ነገር ስላልነበረ በቀጥታ ወደ ነገሬ ገባሁ። መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ቁጥር ሃይማኖት የለውም አልኩ፣ ማንም ልጅህን ከእምነቷ ሊያወጣ አላሰበም አልኩ። ስኳር እየመዘነ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እትዬ እታገኝ» አለኝ፣ «የፋሲካን ቀንማ ከቄሱ ይልቅ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ካላወቅኩ ቅቤዬን ለማን ልሸጥ ነው? ልጄ አስልታ ስትነግረኝ ኮርቼባት ነበር። የከለከልኳት በእናቴ ምክንያት ነው።»

እናቱ እማማ ሐጀራ ናቸው። የዙለይኻ እናት ከሞተች ጀምሮ ልጅቷን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የረመዳንን ጨረቃ ለዘመድ ለጎረቤቱ አይተው የሚያበስሩትም እሳቸው ነበሩ፤ አገር ቤት ሳሉ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አቃቂም ከመጡ ወዲህ ያን ምሽት ሰው ከሱቁ ጓሮ ይሰበሰባል፣ እማማ ሐጀራ አየኋት ሲሉ ሁሉም ዱዓ ያደርጋል። ነገር ግን ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይህን ማንም አውጥቶ አልተናገረውም፣ እሳቸውም አላሉም። ሙህዲን ከጎናቸው ይቆማል፤ ጨረቃዋን ሲያይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እናቱ አየኋት ይላሉ። በዚህ ጉዳይ እናትና ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ዘንድሮ ሙህዲን ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ ሳሪስ ላይ ካሚዮኑ ተበላሸበት። ጓሮው ውስጥ ግን ጉንፋን የያዘው አንድ ጎረቤት ነበር። ሰውዬው ሲስል፣ እማማ ሐጀራ ልጃቸው የደረሰ መስሏቸው አየኋት አሉ። ዙለይኻም ቆርኪዋን ቆጥራ ጨርሳለች። ያ ሁሉ ሰው ባለበት «እማማ፣ ተሳስተዋል። ዛሬ ጨረቃ የለችም፣ የምትታየው ነገ ነው» አለች። በማግስቱም ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሮጊቷ ወደ ጓሮ አልወጡም። በተምርና በውኃ አፍጥረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

«ልጄ ልክ ነበረች» አለኝ ሙህዲን። «የከፋውም እሱ ነው። ብትሳሳት ኖሮ ልጅ ናት ተብሎ ይታለፍ ነበር። ትምህርት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ይህን ያህል ከተማረች ይበቃታል።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ለሌላ ሰው የሚሆን ሆኖ ቀረ። ስወጣ ዙለይኻን ከጨው ጆንያ አጠገብ ተቀምጣ አየኋት። ቀና አላለችም። ልጅ ሆና እንደዚያ አንገቷን መድፋቷ አንጀቴን በላው።

ለአጥናፉ ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ልክ ነበረች እኮ» ነው። ልክ መሆኗን ማን ጠየቀህ አልኩት። ከዚያ በኋላ እራት አልበላም። በማግስቱ ኮቱን ለበሰና እንሂድ አለኝ፤ ሰው ካፈጠረ በኋላ ደረስን።

እማማ ሐጀራ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። ባሌ ረጅም ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚቀጡት ልጆች ተንበረከከ። እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትልቅ ሰውን ተሳስተዋል ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ አላቸው።

«ልጅቷ ልክ ነበረች?» አሉ አሮጊቷ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ።

ሙህዲን መሬት መሬት ያያል። እኔ በልቤ፣ የኔ ጌታ ዛሬን ብቻ ዋሽ እያልኩ እለምነዋለሁ።

«ልክ ነበረች፣ እማማ» አለ ባሌ።

ቆንጠጥኩት፣ ግን አንዴ ወጥቷል። አሮጊቷ ቀስ ብለው ወደኛ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም። «አንተስ አትዋሽም» አሉት። «እነዚህ የኔዎቹ ሦስት ዓመት ዋሹኝ። እኔም ዋሸኋቸው። ስለምንዋደድ ነው።» ከዚያ ወደ መጋረጃው በኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የዒዱ ጨረቃ መቼ ናት ብለው ጠየቁ። ዙለይኻ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። ጥያቄው አለቀ፣ መልስ ግን የለም። ያቺ ልጅ መልሱን እያወቀች ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ንገሪያቸው ሲላት ነው የወጣችው።

«ከገና በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ፀሐይ እንደገባች» አለች። «ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ በስተግራ። ብዙ አትቆይም።»

«እንግዲያው ረቡዕ አንቺ ነሽ የምታወጪኝ» አሏት። ለልጃቸው ደግሞ ቁርጡን ነገሩት፤ ያን ዕለት ሰው ፊት ካሳፈረችኝ ሱቅህ ውስጥ ትቅር፣ ካላሳፈረችኝ ግን ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች አሉት። ሙህዲን እሺ እማዬ አለ።

ረቡዕ እስኪደርስ አጥናፉ ሲያሰላ ሰነበተ። የልጅቷን ቆጠራ ሦስቴ ደገመው፣ ሦስቴም ልክ ነበር። እኔን ግን ያስጨነቀኝ ቁጥሩ አልነበረም። እኔን ያስጨነቀኝ አፏ ነው።

በዕለቱ ጓሮው ሰው በሰው ሆነ። ያ ጉንፋናሙ ጎረቤት ሳይቀር መጥቷል፤ አፉን በሻሽ ጠቅልሎ። የፋብሪካው ፉጨት ተነፋ፣ የቀን ሠራተኛው ተበተነ፣ ፀሐይ ከጭስ ማውጫው ወዲያ ገባች። ዙለይኻ አያቷን እጃቸውን ይዛ ወጣች። መካከል ላይ አቆመቻቸውና በሁለት መዳፏ ጉንጫቸውን ይዛ ፊታቸውን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ መለሰችው። ከዚያ ከጎናቸው ቆማ እጃቸውን ያዘች። ሁላችንም አንጋጠጥን። እኔ መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቆይቼ ሳይ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች፣ ልጅቷ ካለችው ቦታ ላይ ነበረች።

ዓይኔን ወደ ልጅቷ መለስኩ። ከሁላችንም ቀድማ አይታለች፤ ተረከዟ ከመሬት ተነሥቷል። አፏ ተከፈተ። ያንን አፍ አውቀዋለሁ፤ መልስ አፍኖ መያዝ አያውቅም። ወይኔ ልጄ፣ አለቀልሽ አልኩ። ዙለይኻ ግን አፏን መልሳ ዘጋችው፣ የታች ከንፈሯን ነከሰች። ሙህዲንም አይቷል። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ነገር ግን አልጠረገውም፤ ልጁን ነበር የሚያያት። ከዚያ ጓሮውን ሁሉ ሳስተውል፣ ያላየ ሰው አልነበረም። ጨረቃዋ እየወረደች ነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዙለይኻ ጭንቅላቷን አያቷ ክንድ ላይ ጣል አደረገች፣ ሌላ ምንም አላደረገችም።

«አየኋት» አሉ እማማ ሐጀራ።

«የት ጋ ናት እማዬ?» አለ ሙህዲን፣ ያላየ መስሎ።

«ከጭስ ማውጫው በስተግራ። ቀጭን ናት፣ ብዙ አትቆይም።»

ጓሮው በእንኳን አደረሳችሁ ተደበላለቀ። ጉንፋናሙ ሰውዬ ሻሹን አውልቆ እስኪበቃው ሳለ። እኔ አለቀስኩ፣ አልደበቅኩትም። ባሌ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ሲጠርግ ቆየ። ወደ ቤት ስንመለስ ሐዲዱን እንደተሻገርን ቆም አለና፣ በእውነት አይተዋት ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ሒሳብህን ሥራ አልኩት።

ቅዳሜ ዙለይኻ ተመለሰች፤ ከዒዱ የተረፈ ብስኩት በወረቀት ጠቅልላ ለእኔ አመጣች። ባሌ ደስታው አቅሉን አስቶት ነው መሰለኝ፣ ጣውላው ላይ ሲያካፍል ሆን ብሎ ሳይሆን የእውነቱን ተሳሳተ። በቀለ አፉን ሲከፍት ዙለይኻ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ሮሪሳም አይቷል፣ እሱም ከንፈሩን ገጠመ።

«ጋሼ» አለች ዙለይኻ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት።»

አጥናፉ ደግሞ አየው። ጣቱን እያስኬደ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ስሕተቱንም ራሱ አገኘው። ጠመኔውን እንደያዘ ዞረና ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤታችን ሕግ ሲነሣ አልሰማሁም። የዳቦዬን ጫፍ ያን ዕለት ማን እንደበላውም አላውቅም፤ እኔ የማየው ልጄን ነበር።